ቃልኪዳን ቁጭ ያለች ሰሞን

የእኛ ሰው ሳይከለከል የዳነ አይመስለውም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ያገኘኸውን ሁሉ ብላ» ከተባለ፣ ወይ ሐኪሙ ገና ተማሪ ነው፣ ወይ በሽታው ተስፋ የለውም ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። «ሥጋ ተው፣ ጨው ቀንስ፣ በርበሬ በዓይንህም እንዳታይ» ያለው ሐኪም ግን በየለቅሶ ቤቱ ስሙ በክብር ይነሳል። ይህን የምላችሁ ሌላውን ለማማት አይደለም። የዚህ ወገን አለቃ እኔው ነኝ። የዓመቱን ግማሽ ሲጾም ያደገ ሰው፣ አንድ ነገር ከአፉ ካልተነጠቀ አንድ ነገር የተሰጠው አይመስለውም።

በዚህ ላይ ጭንቀታም ነኝ። ጭንቀት በእኛ ቤት እንደ ርስት የሚወረስ ነገር ነው። አባቴ ዝናብ ሲዘገይ ይጨነቃል፣ ሲፈጥን ይጨነቃል፣ በወቅቱ ሲመጣ ደግሞ «ዘንድሮ ምን ሊያመጣብን ነው?» እያለ እንቅልፍ ያጣል። እኔም ድርሻዬን ተቀብዬ ከጎጃም ጋምቤላ ድረስ ይዤው መጣሁ። እዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል መልካም ፍጥረት ነው፤ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። እኔን ያስጨነቀችኝ እቤቴ ያለችው የማትቀመጠዋ ናት።

ልጄ ቃልኪዳን ትባላለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ስትበላ ትሮጣለች፣ ስትጸልይ ትሽከረከራለች፣ ተኝታ እንኳ ራስጌ ያስተኛኋትን ግርጌ ነው የማገኛት። አንድ እግር ጫማ አድርጋ ሁለተኛውን ልትፈልግ ትሄድና መንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ ያጋጥማታል፤ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጫማ ጎረቤት ቤት ዶሮ ስታባርር ትገኛለች። አስተማሪዋ መምህርት አሪየት የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ከትዕግሥት የተሠራች ሴት። አንድ ቀን ጠርታኝ እንዲህ አለችኝ።

«ቃል ጎበዝ ናት። ጭንቅላቷ ጥሩ ነው። ግን ወንበር አታውቅም።»

ባለቤቴ ሐና ነርስ ናት። ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ሰኞ በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ዓርብ ትመለሳለች። እሷ እንደ እኔ አትጨነቅም። የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ «እንየው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ገና ሳይመጣ አይቼው እጨርሳለሁ። «እንየው» አለችና ልጃችንን ይዘን ጅማ ድረስ ሄድን።

ጅማ መጀመሪያ ክብደቷን ሊለኩ ሚዛን ላይ አቆሟት። መርፌው አልረጋ አለ። አንዴ ሃያ አምስት ይላል፣ አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ደግሞ ልጅቷ ራሷ የለችም። በመጨረሻ እኔ ተሸክሜያት ቆምኩ፣ ቀጥሎ ብቻዬን ቆምኩ፣ ቀንሰው ጻፉላት። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ሐኪም ለረጅም ሰዓት አነጋገረን፤ ከመምህርት አሪየት ያመጣነውንም ወረቀት አነበበ። የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ የሚባል ነገር ነው አለን። የማንም ጥፋት አይደለም፣ የአስተዳደግም ጉድለት አይደለም፣ ብዙ ልጆች አለባቸው።

«ክፍል ውስጥ ፊት ትቀመጥ። ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጧት። በሰዓቱ ትተኛ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ በደንብ ትብላ። ከሦስት ወር በኋላ አምጧት፤ መድኃኒት ካስፈለጋት ያኔ እንወስናለን።»

«ከምግብስ ምን ትተው?» አልኩት።

«ምንም። ሁሉንም ትብላ።»

«ምንም?»

ሳያዝንልኝ አልቀረም። «ስኳር አታብዙባት» አለኝ፤ «እሱም ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው።»

ከጅማ ጋምቤላ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ያን ሁሉ መንገድ ተንገላትቼ «ሁሉንም ትብላ» ተብዬ ልመለስ? ሐኪሙ ከተናገረው ሁሉ «ስኳር» የምትለዋን ብቻ አንጠልጥዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሐና ጎኔ ተቀምጣ የቀረውን ሁሉ በማስታወሻ ጽፋዋለች። «ሐኪሙ ያለውን እናድርግ፤ እኛ አናክልበት» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ምንም አይከብድም፤ በእሺ የፈረሰ ቤት ግን ብዙ ነው።

የሚቀጥለው ሰኞ የሐና የሥራ ጓደኛ በወሊድ ፈቃድ ወጣች። እንግዲህ ለአንድ ወር ያህል ሐና ቅዳሜና እሁድንም እዚያው ልትሠራ ሆነ። ስትሄድ በር ላይ ቆማ «ቁርሷን አደራ» አለችኝ። እኔና ቃልኪዳን፣ ከጭንቀቴ ጋር፣ ሦስት ሆነን ቀረን።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ቴሌግራም ገባሁ። አንድ ቻናል አገኘሁ፤ ራሱን የልጆች አመጋገብ አማካሪ የሚል ሰው በለስላሳ ድምፅ በየቀኑ ይናገርበታል። ፎቶም ይለጥፋል። በግራ በኩል ፀጉሩ የተንጨባረረ ልጅ፣ በቀኝ በኩል ያው ልጅ መጽሐፍ ይዞ ቁጭ ብሎ። ዛሬ ሳየው ፀጉሩን ከማበጠር በስተቀር የተጨመረለት ነገር የለም። ያኔ ግን ቀኝ በኩል ያለውን ወንበር ብቻ ነበር የማየው፤ ልጄን እዚያ ላይ አስቀምጬ በሐሳቤ አያት ነበር።

ሰውየው የልቤን አወቀ። ከለከለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ስኳርና ቀለም ያለው ለስላሳ። የስኳሩን ጣሳ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ማንጎም ስኳር ነው አለ። ማንጎ በራሱ ጊዜ ከዛፍ እየወረደ አናትህን በሚመታበት ከተማ ልጅን ከማንጎ መጠበቅ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቀጥሎ ስንዴ ተከለከለ፤ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ፓስታ ሄደ። ቀጥሎ ወተት። ዕንቁላል አንድ ቀን «አንጎል ይገነባል» አለ፣ በሦስተኛው ቀን «ያቅበጠብጣል» አለ፤ እኔ ሁለቱንም አምኜ ለጥንቃቄ ከለከልኩ። ሩዝ ነጭ ስለሆነ ጥሩ አይደለም። እንጀራ ይቀራል ብዬ ስጽናና፣ እርሾ ያለበት ነገር ሆድ ውስጥ ገብቶ ጭንቅላት ይበጠብጣል አለ። ያን ቀን እኔም ትንሽ ደነገጥኩ። ከእንጀራ በኋላ የቀረን ስኳር ድንች፣ ጎመንና እግዚአብሔር ብቻ ነበሩ። ስኳር ድንቹንም ስሙ እያስፈራኝ ነበር የምቀቅለው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከልጄ ፊት ያነሳሁትን ዳቦና ማንጎ መጣል ነውር ስለሆነ እኔው እበላው ነበር። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፤ ዳቦና ማንጎ ጾም አይሽሩም። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄደ፤ እኔም የሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

መከልከል ብቻውን አይበቃም፣ መጨመርም አለበት አለ አማካሪው። ከሁሉ በፊት የዓሣ ዘይት። እንግዲህ እኔ የምኖረው ከባሮ ወንዝ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ጎረቤቴ አጁሉ ገበያ ውስጥ ዓሣ ሻጭ ናት፤ የአኝዋ ተወላጅ፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች ብርቱ ሴት፤ ሳይሸጥ የተረፋትን ከሰዓት በኋላ በቤቷ በር ላይ ትጠብሳለች፤ ሽታው በእኔ መስኮት በኩል ነው የሚያልፈው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው። እኔ የዓሣ ዘይት ፍለጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለስብሰባ ሄዶ ነበር፤ ስብሰባውን አስረስቼ በየፋርማሲው አዞርኩት።

ብልቃጡ ከነልጣፉ መጣ። ስከፍተው መቶ ፍሬ የነበረው አንድ ሆኗል። የጋምቤላ ሙቀት ያን ሁሉ ፍሬ አቅልጦ አንድ ትልቅ ቢጫ ድንጋይ አድርጎታል። በቢላ ስፈለፍለው አንዱ ፈነዳና ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። አጁሉ ሽታው ጠርቷት አጥሩ ጋ መጣች።

«አባ ቃል፣ ይሄ ምንድነው?» አለችኝ፤ በልጄ ስም ነው የምትጠራኝ።

«የዓሣ ዘይት ነው። ለቃል። ከውጭ አገር የመጣ።»

ተቀብላ አየችው፣ አሸተተችው፣ ገለበጠችው። «ዘይቱ ይሄ ነው» አለች፤ «ዓሣውስ የት ሄደ?»

«ዓሣው እዚያው ቀረ።»

«ዓሣውን እነሱ በሉት፣ ላንተ ይሄን ላኩ?» አለችና ከልቧ አዘነችልኝ። ወዲያው ቤቷ ገብታ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በሳህን ይዛ መጣች። «ለቃል ስጣት። ይሄ ሙሉ ነው።»

አልወሰድኩም። እኔ ደገኛ ነኝ፤ ዓሣ ሳይ የሚታየኝ አጥንቱ ነው። አጥንቱ ጉሮሮዋ ላይ ቢሰነቀርስ? ደግሞ አማካሪው የወንዝ ዓሣ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም ብሏል። ስለዚህ ዓሣውን ከልክዬ ዘይቱን ሰጠኋት። አጁሉ ሳህኗን ይዛ ስትመለስ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለች፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም።

ሌላም ጭንቅ መጣ። የዓሣ ዘይት ለጾም ይሆናል ወይ? ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቢቆጠርባትስ? የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ብልቃጡን ሳያዩ የእኔን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ሕፃን ናት። ታማለች ካልክ ወተቱንም ዕንቁላሉንም አብላት። ጾሙ አንተን ይበቃሃል።»

እንግዲህ ሐኪሙ ትብላ አለ፣ ሚስቴ ትብላ አለች፣ አጁሉ ትብላ አለች፣ አሁን ደግሞ ቄሱ። አገሩ ሁሉ ተባብሮ ልጄን ሊያበላብኝ የተነሳ መሰለኝ። ለእኔ የሚያዝንልኝ ያ በስልክ ውስጥ ያለው ለስላሳ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ከዓሣ ዘይቱ ቀጥሎ የሚታኘክ ቫይታሚን መጣ። ብረትም ዚንክም ሌላም ሌላም አለበት። በዝሆንና በአንበሳ ቅርጽ የተሠራ፣ ቀይና አረንጓዴ ነው። ቀለም ከልክዬ ቀለም ገዛሁ፤ ግን መድኃኒት ነው። አማካሪው ቀን ቀን ከምግብ ጋር አንድ ትውሰድ ስላለ፣ ቀን ደግሞ እኔ ቢሮ ስለሆንኩ፣ ብልቃጡን እንዳለ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት። «በምሳ ሰዓት አንድ ብቻ» ብዬ ጣቴን አሳየኋት። ጫማዋን ይዛ መመለስ ለማትችል ልጅ መድኃኒት አስያዝኳት። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ሐና በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። «በላች?» ትለኛለች። «በልታለች» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጎመንም መብል ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም እንዲቆራረጥ አልጠላም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስተኛው ሳምንት ገባ። አንድ ማክሰኞ መምህርት አሪየት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቴ ጎራ አለች።

«ቃል ዛሬ ቁጭ አለች» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«በእረፍትም ቁጭ። ልጆች ሲሮጡ እሷ ግድግዳ ጋ ቁጭ። ጥሩ ነው?»

እኔ «ጥሩ ነው» የሚለውን እንጂ ጥያቄውን አልሰማሁም። እሷ እኮ እየጠየቀችኝ ነበር። አመስግኜ ሸኘኋትና ወደ ስልኬ ሮጥኩ። «ልጄ ቁጭ አለች!» ብዬ ቻናሉ ላይ ጻፍኩ። አማካሪው ለሁሉም አጋራው፤ የማላውቃቸው እናቶች ልብ ላኩልኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሌሊት ሳልጨነቅ ተኛሁ። አባቴ ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ ነበር የሚጨነቀው።

በማግሥቱ ረቡዕ ቃልኪዳን በር ላይ ተቀምጣ አጁሉ አየቻት። ዶሮዎቿ በልጄ እግር መካከል ይመላለሳሉ፤ ልጄ አልተነሳችም።

«አባ ቃል፣ ይቺ ልጅ ታማለች።»

«ኧረ ድናለች!» አልኳት በኩራት።

«የዳነ ልጅ ይሮጣል» አለችኝ አጁሉ። ቀና ብላም አላየችኝ፤ ልጄን ነበር የምታየው። ትንሽ ቅር አለኝ። ምቀኝነት ነው ብዬ እንኳ አስቤ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ቢሮ ሆኜ ስልኬ ጠራ። መምህርት አሪየት ናት።

«ቶሎ ና። ቃል ዴስክ ላይ ተኛች። ስንጠራት ታየናለች፣ ግን አትነሳም።»

ከቢሮ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሹፌሩን «ፍጠን» እለዋለሁ፤ ፊት ለፊታችን ቀንዳቸው የተንጨፈረረ ከብቶች መንገዱን ሞልተው በእርጋታ ይሻገራሉ። እነሱ ቸኩለው አያውቁም። ስደርስ ልጄ በመምህርቷ ክንድ ላይ ተደግፋ አገኘኋት፤ ላቧ ቀዝቃዛ ነው፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ቦርሳዋን ሳነሳ ውስጡ ምንም አልተንኳኳም። ከፈትኩት። የቫይታሚኑ ብልቃጥ ባዶ ነው።

አንድ ፍሬ የለም። ሠላሳ ፍሬ የነበረው ብልቃጥ ውስጥ የአንድ ቀይ ዝሆን ኩምቢ ብቻ ቀርቷል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ጭንቀት ብዬ ልጥራው ብል ጭንቀትን ማዋረድ ይሆናል። እስከዚያ ቀን ድረስ የተጨነቅኩት ሁሉ ጨዋታ ነበር። ልጄን ገደልኳት ብዬ አሰብኩ፤ በዚሁ በገዛ እጄ፣ ጣቴን አሳይቼ። ታቅፌያት ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ስትቀለኝ ተሰማኝ። ሁልጊዜ ከክንዴ ልታመልጥ የምትታገል ልጅ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ዝም አለች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን ቾል የሚባል ረጅም ወጣት ነርስ ነው። በበሩ ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ሲያወራም አይጮህም።

«አባት፣ ምን ዋጠች?»

ብልቃጡን ሰጠሁት።

«ስንት?»

«አላውቅም።»

«ብረት አለው?» ብሎ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። ብረት ለሕፃን ሲበዛ መርዝ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ያ ለስላሳ ድምፅ ይህን አልነገረኝም። እኔም ልጣፉ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን «ሕፃናት በማይደርሱበት ያስቀምጡ» የሚለውን አላነበብኩም፤ በሥራዬ ቀኑን ሙሉ የማነበው የሌላ ሰው ወረቀት ነው።

«መጀመሪያ ሚዛን» አለ ቾል። እጇን ይዤ አቆምኳት። ጅማ የሆነውን ነግሬው «ተሸክሜያት ልቁም?» ልለው አፌን ስከፍት፣ መርፌው ረጋ። ወዲያው። ልጄ ሚዛን ላይ ቆማ መርፌው ረጋ። ከማየው ቁጥር ይልቅ የፈራሁት መርጋቱን ነው። ቁጥሩ ደግሞ ጅማ ከጻፉላት ከሁለት ኪሎ በላይ ጎድሏል።

ቾል ጣቷን ወግቶ ደም ወሰደ፤ ትንሿን መሣሪያ እያየ ጠየቀኝ።

«ዛሬ ምን በላች?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከእኔ የተዘጋጀ አባት በጋምቤላ የለም። «ስኳር አልበላችም» አልኩት። «ስንዴ አልበላችም። ወተት የለም፣ ዕንቁላል የለም፣ እርሾ ያለበት ነገር ምንም...»

«የበላችውን ነው ያልኩህ።»

ጠዋት ጎመን አቅርቤላት ነበር፤ ሁለቴ ጎርሳ ትታዋለች። ማታ ስኳር ድንች ነበር፤ ግማሹ አሁንም ድስት ውስጥ አለ። ያልበላችውን ሁሉ በቃሌ የማውቅ ሰው፣ ልጄ ምን በልታ እንደዋለች አላውቅም። አለቀስኩ። እፍረት ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

ቾል ለማልቀስ ጊዜ አልሰጠኝም። «ደሟ ውስጥ ስኳር የለም። መዋጥ ትችላለች። እኔ እዚህ አለሁ፤ አንተ ሮጠህ ለስላሳ አምጣ።»

«ለስላሳ?»

«ለስላሳ! ስኳር!»

ሮጥኩ። በሩ ላይ ያለው ባለሱቅ «የቱን ልስጥህ?» አለኝ። «ስኳር የበዛበትን!» አልኩት፤ ጮኼ ነው የተናገርኩት። ብርቱካናማውን አወጣልኝ። ቀለሙ ከመንገድ ማዶ ይታያል፤ አማካሪው መጀመሪያ ቀን ፎቶውን ለጥፎ በቀይ የሰረዘው እሱኑ ነው። ዳቦም አንስቼ መልሴን ሳልቀበል ተመለስኩ። ቾል ራሷን ደገፈ፣ እኔ ጠርሙሱን ያዝኩ። መጀመሪያ ከንፈሯን አራሰች። ቀጥላ ትንሽ ዋጠች። ቀጥላ በሁለት እጇ ጠርሙሱን ከእኔ ቀማችኝ፤ መቀማቷን ሳይ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗ ዞር ዞር ማለት ጀመረ። ቾል ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ቃል፣ አንበሳና ዝሆን ያለበት መድኃኒት፣ ስንቱን በላሽ?»

«አልበላሁም።»

«ብልቃጡ ባዶ ነው እኮ የኔ እናት» አልኳት።

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ዳቦ ላለው።»

ዳቦውን እየገመጠች ሁሉንም ነገረችን። የክፍሏ ልጅ ኡጁሉ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ዝሆን ይወዳል። ኛሉዋል ብስኩት አላት። አቤል እናቱ ዕንቁላል ትቀቅልለታለች፤ ግማሹን በሁለት አንበሳ ይሰጣል። ያን ሰሞን ሁሉ ልጄን ያበሏት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የእኔ ቫይታሚን ለአንዲት ቀን እንኳ አፏ አልገባም፤ ዳቦ ገዝታበታለች።

«ሰኞ አለቀብኝ» አለች። «ከዚያ ወዲህ አልሰጡኝም።»

መምህርት አሪየት ማክሰኞ ቁጭ ብላ ያየቻት ለዚህ ነው። እኔ ልብ የተላከልኝ ለዚህ ነው።

ቾል ስልኩን አንስቶ መምህርት አሪየት ዘንድ ደወለ። እሷም ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፤ የታመመ የለም። «ሁሉም ደጅ ይሮጣሉ» አለች፤ ለእኔ ደግሞ «አባ ቃል፣ ነገ ና። እንነጋገራለን» ብላ ዘጋች። ቾል የወላጆቹን ስም ተቀበለና ለእነሱም እንዲነገራቸው አደረገ። ደሟን እንደገና ለካ፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ እስከ ማታ እዚሁ ትቆይ አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የኔ ወንድምም እንደ እሷ ነበር» አለኝ። «ይሮጥ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ አሁንም ይሮጣል። ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«ከሁለት ወር በኋላ። ጅማ።»

«ውሰዳት። እስከዚያ አብላት። ሌላ አትጨምር።»

ያው «ሁሉንም ትብላ» ነው። አሁን ግን ባዶ እጄን የተሸኘሁ አልመሰለኝም፤ ልስመው ምንም አልቀረኝም፣ ቁመቱ ነው ያስቸገረኝ።

ቃልኪዳን ሁለተኛውን ዳቦ ጨርሳ ክፍሉን ማየት ጀመረች። የግሉኮስ መስቀያውን ገፋችው፤ ተንከባለለ፤ ወደደችው። መጋረጃውን ከፈተች፣ ዘጋች። «ቃል፣ ተኚ» አላት ቾል። እሷም አልጋው ላይ ወጣች፤ ግን ልትተኛ አልነበረም። አንዴ ዘለለች። አልጋው ሲጢጥ አለ። ድምፁ ጣማትና ደገመችው።

«አባት፣ ልጅህን ቁጭ አድርጋት» አለኝ ቾል።

«ትንሽ ተዋት» አልኩት። «እባክህ ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ ትዝለል።» ስምንት ዓመት ሙሉ ቁጭ በይ ስላት የኖርኩ ሰው፣ ልጄ እንዳትቀመጥብኝ እየለመንኩ ነበር። ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

አሥር ሰዓት ሆነ። ስልኬ ጠራ።

«በላች?» አለች ሐና።

«በላች» አልኳት። «ዳቦ በላች። ሁለት።»

«እሰይ። ምንድነው የሚጮኸው?»

«ቃል ናት።»

«ምን ሆና?»

«አልጋ ላይ እየዘለለች ነው።»

ሳቀች። የእኔ «በልታለች» እሷንም ውስጥ ውስጡን ሲያስፈራት ከርሞ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ እንደዚያ ከሳቀች ሳምንታት ሆኗት ነበር። እኔም አብሬ መሳቅ ጀመርኩ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ይላል አልጋው። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ቤታችን ያለው የእንጨት አልጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ከሕሙማን የብረት አልጋ ጋር ስትውል አሥር ዓመቷ ነው።

«የማን አልጋ?» አለችኝ።